የቆሻሻ በርሜል ሥፍራና የጎረቤት መቃወሚያ፦ ከፓሪስ ትእዛዝ እስከ እንግሊዝ የፕላን ሕግ

አንድ የመኖሪያ ሕንጻ ፕላን ለማዘጋጃ ቤት ሲቀርብ መሐንዲሱም ሆነ አርክቴክቱ በአብዛኛው የሚጨነቁት ስለ መሠረቱ፣ ስለ ምሰሶው፣ ስለ ደረጃውና ስለ መስኮቱ ነው። በመሬት ወለሉ ንድፍ ጥግ ላይ «ቆሻሻ» የሚል ቃል የተጻፈባት ትንሽ አራት ማዕዘን ግን ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ በተረፈው ቦታ የምትሳል ናት። ይሁን እንጂ በእንግሊዝ አገር ጎረቤቶች አዲስ ሕንጻ እንዳይሠራ ወይም እንዲሻሻል ለአካባቢው ምክር ቤት በሚጽፉት መቃወሚያ ውስጥ ይህች ትንሽ ቦታ ስሟ ደጋግሞ ይነሣል። በርሜሉ ከመስኮታችን ሥር ይቆማል፣ መንገዱን ይዘጋል፣ መኪናው ሊደርስበት አይችልም፣ ቁጥሩ ለነዋሪው አይበቃም የሚሉት ቃላት የመቃወሚያዎቹ የተለመዱ ቃላት ናቸው። ይህ ክርክር የዛሬ ሳይሆን የመቶ ሃምሳ ዓመት ታሪክ ያለው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መግቢያ ላይ የሎንዶን ሰው ከቤቱ የሚጥለው ነገር በአብዛኛው አመድ ነበር። ቤቱም ምግቡም በድንጋይ ከሰል ስለሚሞቅ፣ ከየጓሮው የሚጠራቀመው ክምር ከሌላው ጥራጊ ይልቅ የከሰል አመድና ያልነደደ ፍርፋሪ ይበዛበት ነበር። ይህም አመድ ዋጋ ነበረው። የላመው አመድ ከጭቃ ጋር ተለውሶ ለሸክላ ጡብ ሥራ ይውላል፤ ያልነደደው ፍርፋሪ ደግሞ ጡቡ በሚተኮስበት ጊዜ ማገዶ ይሆናል። ስለሆነም የየሰበካው አስተዳደር አመዱን ለሚያነሣለት ሥራ ተቋራጭ ገንዘብ ከመክፈል ይልቅ፣ ተቋራጩ ራሱ አመዱን የማንሣቱን መብት በገንዘብ የሚገዛበት ጊዜ ነበር። ቻርልስ ዲክንስ እ.ኤ.አ. ከ1864 እስከ 1865 ባወጣው ልብ ወለድ ውስጥ ከአመድ ክምር የመጣን ሀብት የታሪኩ መነሻ ማድረጉ ያለ ምክንያት አልነበረም። የጡብ ገበያው ሲቀዘቅዝና የከተማው አመድ ከጡብ ሠሪው ፍላጎት በላይ ሲሆን ነገሩ ተገለበጠ፤ ገንዘብ ይከፍል የነበረው ተቋራጭ ገንዘብ ተቀባይ ሆነ። ቆሻሻ በታሪክ ላይ የሚያጣላ ነገር የሆነው የሚሸጥ ነገር መሆኑ ከቀረበት ቀን ጀምሮ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

በዚሁ መካከል ኮሌራ መጣ። ኤድዊን ቻድዊክ በ1842 ስለ ሠራተኛው ሕዝብ የጤና ሁኔታ ያቀረበው ዘገባና በ1848 እንደገና የተነሣው የኮሌራ ወረርሽኝ በዚያው ዓመት የወጣውን የሕዝብ ጤና ሕግ አስከተሉ። በዚህ ሕግ መሠረት አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው መጸዳጃ ቤትና በርና ክዳን ያለው የአመድ ጉድጓድ እንዲሠራ ታዘዘ። የቆሻሻ ማጠራቀሚያ የሕንጻው አካል ሆኖ በግንባታ ሕግ ውስጥ ከገባባቸው ቀደምት ድንጋጌዎች አንዱ ይህ ነው። የ1875ቱ የሕዝብ ጤና ሕግ ይህንኑ አጠናከረ፤ የ1891ዱ የሎንዶን የሕዝብ ጤና ሕግ ደግሞ የቤት ቆሻሻን በተገቢው ጊዜ ማስነሣት የአካባቢው የጤና ባለሥልጣን ግዴታ እንዲሆን ደነገገ። በእነዚህ የቆሻሻ ማጠራቀሚያና የቆሻሻ ማንሣት ድንጋጌዎች ውስጥ ግን ጎረቤት የሚባል ሰው የለም። ድንጋጌዎቹ በዋናነት የሚናገሩት ስለ ሁለት ወገኖች ነው፤ እነርሱም ባለሥልጣኑና የቤቱ ባለቤት ናቸው።

ስለ በርሜል ከተነሡት ተቃውሞዎች ሁሉ ስሙ የታወቀው የተነሣው ግን በሎንዶን ሳይሆን በፓሪስ ነበር። የሴን አውራጃ ገዢ የነበረው ኤውጄን ፑቤል ኖቬምበር 24 ቀን 1883 ባወጣው ትእዛዝ፣ የፓሪስ ቤት ባለቤት ሁሉ ለተከራዮቹ ክዳን ያለው የጋራ ቆሻሻ መያዣ እንዲያቀርብ አዘዘ። ትእዛዙ ከጃንዋሪ 15 ቀን 1884 ጀምሮ ይሠራ ዘንድ ተወሰነ። ከዚያ በፊት የፓሪስ ሰው የቤቱን ጥራጊ አውጥቶ በመንገዱ ዳር ይከምር ነበር። ሌሊቱን ቅርጫቱን በጀርባው ያዘለ፣ በአንድ እጁ ፋኖስ በሌላው መንጠቆ የያዘ ለቃሚ እየመጣ ጨርቁን፣ ወረቀቱን፣ አጥንቱንና ብረቱን ይለቅማል። የተረፈውን የማዘጋጃ ቤቱ ጋሪ ጠዋት ያነሣዋል። ፑቤል ይህን ሁሉ በሣጥን ውስጥ ሊከተው ፈለገ። ይዘቱ ከ40 እስከ 120 ሊትር እንዲሆን ተወሰነ። እንዲያውም ነገሩን በአንድ ሣጥን አላበቃም፤ የሚበሰብሰው ለብቻ፣ ወረቀትና ጨርቅ ለብቻ፣ ሸክላና ብርጭቆ ከኦይስተር ቅርፊት ጋር ለብቻ በሦስት መያዣ እንዲለይ አዘዘ።

ተቃውሞው ከሦስት ወገን መጣ፤ የሦስቱም ምክንያት ለየቅል ነበር። የቤት ባለቤቶች ወጪውን አልወደዱትም። ሣጥኑን መግዛት የእነርሱ፣ መሙላት የተከራዩ መሆኑ አላዋጣቸውም። የሕንጻ ጠባቂዎች ደግሞ ከባዱን ሣጥን ጋሪው ሳይደርስ ማልደው ወደ መንገድ ማውጣትና ባዶውን ማስገባት ያለ ተጨማሪ ደሞዝ በጫንቃቸው ላይ መውደቁን አጉረመረሙ። ከሁሉ የመረረው ግን የለቃሚዎቹ ነበር። በአዲስ አበባ ሰፈሮች «ቁራሌው» እያለ የሚያልፈውን ሰው የሚያውቅ አንባቢ የእነርሱን ነገር ለመረዳት አይቸገርም። ቆሻሻው ተከድኖ ከበር ወጥቶ ወዲያው በጋሪ ከተጫነ እነርሱ የሚለቅሙበት ሰዓት የለም፤ ሰዓቱ ከሌለ እንጀራው የለም። ጋዜጦችም ወገናቸውን ይዘው ጮኹ። የገዢውን ስም ለሣጥኑ የሰጡት ለማክበር ሳይሆን ለማላገጥ ነበር፤ ሆኖም ስሙ ጸንቶ ቀረና በ1890 ወደ መዝገበ ቃላት ገባ። ዛሬ በፈረንሳይኛ የቆሻሻ ቅርጫት ሁሉ «ፑቤል» ይባላል።

መሐንዲስ ልብ ሊለው የሚገባው የክርክሩን መጨረሻ ነው። አስተዳደሩ ሣጥኑን አልሰረዘም፤ ነገር ግን በማርች 1884 ለለቃሚዎቹ ጋሪው ከመድረሱ በፊት ሣጥኑን በተነጠፈ ጨርቅ ላይ ገልብጠው የሚፈልጉትን አንሥተው የተረፈውን መልሰው እንዲሞሉ ፈቀደላቸው። በሌላ አነጋገር ተቃውሞው ዕቃውን ሳይሆን የዕቃውን ሰዓትና አጠቃቀም ለወጠ። ሦስቱ ሣጥኖች ግን ከወረቀት አላለፉም። ቆሻሻን በየዓይነቱ መለየት ወደ ፓሪስ የተመለሰው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። ፑቤል ራሱ በ1894 ቤቶች ሁሉ ከፍሳሽ መስመር ጋር እንዲገናኙ የሚያስገድደው ሕግ ሲወጣ ከባለቤቶቹ ጋር እንደገና ተጣልቷል። ለከተማ ንጽሕና የሠራ ሹም ባለቤቶችን ደስ አሰኝቶ ያለፈበት ዘመን በየትም አገር ብዙ አይገኝም።

ወደ እንግሊዝ ስንመለስ የ1936ቱ የሕዝብ ጤና ሕግ የአካባቢ ባለሥልጣናት ለእያንዳንዱ ቤት ክዳን ያለው በርሜል እንዲቀርብ የማዘዝ ሥልጣን ሰጣቸው። ወዲያውም የፓሪስ ጥያቄ በእንግሊዝኛ ተነሣ፦ በርሜሉን የሚገዛው ማን ነው? ባለቤቱ ወይስ ተከራዩ? ሕጉ ትእዛዝ የደረሰው ሰው ለፍርድ ቤት ይግባኝ እንዲል ስለፈቀደለት፣ ጥቂት ሽልንግ ስለሚያወጣ አንድ የቆርቆሮ በርሜል ዳኞች ተቀምጠው የሚከራከሩበት ዘመን ሆነ። ነገሩ የሚያስቅ ቢመስልም የክርክሩ ፍሬ ነገር ቀላል አልነበረም። ለጋራ ጤና የሚያስፈልግ ዕቃ የግል ወጪ በሚሆንበት ጊዜ ወጪው በማን ላይ ይውደቅ የሚለው ጥያቄ ዛሬም በየአፓርታማው ይነሣል።

በዚሁ ዘመን ጥያቄውን በመሣሪያ ለመፍታት የሞከሩም ነበሩ። በሊድስ ከተማ በ1930ዎቹ ተጀምሮ የተሠራው የኳሪ ሂል መኖሪያ፣ 938 ቤቶች የነበሩት፣ ከፈረንሳይ የመጣውን የጋርሼ ሥርዓት ተጠቀመ። በዚህ ሥርዓት የቤት እመቤቷ ጥራጊውን በማድ ቤቱ ማጠቢያ ገንዳ ሥር ባለው መያዣ ትከተዋለች፤ ውኃውም በቱቦ ይዞት ወደ ማዕከላዊ ጣቢያ ይወርዳል። በዚያም ውኃው ተጨምቆ ደረቁ ይቃጠላል። በርሜል የለም፤ በርሜል ከሌለም ስለ በርሜል ሥፍራ የሚነሣ ክርክር የለም። በሼፊልድ የፓርክ ሂል ሕንጻም ይኸው ሥርዓት ገብቶ ነበር። ነገር ግን ቱቦው የሚያሳልፈው ቱቦው የሚያክለውን ብቻ ነው። ኳሪ ሂል በ1978 ፈረሰ።

ቱቦውን ያሸነፈው የቆሻሻው ጠባይ መለወጥ ነው። በ1952 ሎንዶንን ካፈነው ጭስ በኋላ በ1956 የወጣው የንጹሕ አየር ሕግ የድንጋይ ከሰል ምድጃን ከከተማ ቤቶች እያስወጣ ሄደ። ምድጃው ሲጠፋ አመዱ ጠፋ፤ እዚያው ምድጃ ውስጥ ይቃጠል የነበረውም ወረቀት የሚቃጠልበት አጣ። በዚህም ላይ ካርቶኑና ፕላስቲኩ ተጨመረ። ቆሻሻው በክብደት ሲቀል በይዘት አበጠ። ስለዚህ አንድ ቤት በፊት በአንድ ክብ በርሜል የሚያበቃው ቦታ አልበቃው አለ፤ ኋላም ባለ ጎማው ትልቅ በርሜል መጣ። ለአመድ ጉድጓድ በተለካ ጓሮ ውስጥ ባለ ጎማ በርሜል ማቆም ግድ ሆነና በርሜሉ ከጓሮ ወደ ደጃፍ ወጣ። ከደጃፍ በወጣ ጊዜም ጎረቤት አየው።

ጎረቤት ያየውን ለመቃወም ግን መብት አስፈለገው። የ1947ቱ የከተማና የገጠር ፕላን ሕግ፣ ከጁላይ 1 ቀን 1948 ጀምሮ በሥራ ላይ ሲውል፣ ማንኛውም ግንባታ የአካባቢውን የፕላን ባለሥልጣን ፈቃድ እንዲጠይቅ አደረገ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር። ሆኖም ጎረቤት አቤቱታ እንዲነገረው ሕጉ አላስገደደም። የመጀመሪያው ቀዳዳ የተከፈተው በ1959 በወጣው ሕግ ነው። «ክፉ ጎረቤት» ለሚባሉ ሥራዎች፣ ከእነዚህም መካከል ቆሻሻ የሚጣልበት ቦታ አንዱ ነበር፣ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ለሕዝብ ማስታወቂያ እንዲያወጣ ተደነገገ። ልብ በሉ፤ ጎረቤት በፕላን ሕግ ውስጥ ድምፅ ያገኘው ከሌሎች ጥቂት ነገሮች ጋር በቆሻሻ በኩል ነው።

ይህ ድምፅ እስከ ምን ድረስ ይሰማል የሚለው በኤሴክስ አውራጃ በተነሣ አንድ ጉዳይ ተፈተነ። አንድ ሰው የኖራ ድንጋይ ለመቆፈር ፈቃድ ጠይቆ ተከለከለ፤ ይግባኝም ብሎ በሕዝብ ፊት ምርመራ ተደረገ። መርማሪው አቧራው የጎረቤቶችን መሬትና ከብት ይጎዳል በሚለው ተስማምቶ ይግባኙ ውድቅ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። ሚኒስትሩ ግን ከምርመራው በኋላ ከሌላ መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች ያገኘውን ምክር ይዞ ፈቃዱን ሰጠ፤ ጎረቤቶቹ ይህን ምክር አላዩትም፣ መልስም አልሰጡበትም። ፍርድ ቤት ሲሄዱ ዳኛው የጎረቤቶቹ መሬት ቢጎዳም እንኳ በሕጉ አነጋገር «ቅር የተሰኙ ሰዎች» አይደሉም፣ ስለዚህ ለመክሰስ መብት የላቸውም ብለው ፈረዱ። ፍርዱ በ1961 የሕግ ዘገባዎች ላይ ወጣ። የሕዝቡ ቁጣ ግን ከፍርድ ቤቱ ውጭ ቀጠለና የሕዝብ ምርመራ አካሄድን የሚወስኑ ደንቦች በ1962 እንዲወጡ ረዳ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ፍርድ ቤቶች ያንን ጠባብ ትርጉም እያላሉት መጡ። በ1969 የቀረበው የስኬፊንግተን ዘገባ ሕዝብ በፕላን ሥራ ውስጥ መሳተፍ አለበት ሲል፣ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ ማንኛውም የፕላን አቤቱታ ለጎረቤት በደብዳቤ ወይም በቦታው በሚለጠፍ ማስታወቂያ እንዲነገር ተደረገ። ዛሬ በእንግሊዝ ጎረቤት መቃወሚያውን ለመጻፍ የሚሰጠው ጊዜ ቢያንስ 21 ቀን ነው።

በእነዚህ ቀናት ውስጥ የሚጻፈው መቃወሚያ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ክብደት የለውም። «የቤቴ ዋጋ ይወርዳል» የሚለው ቃል፣ እውነት ቢሆንም፣ በፕላን ሕግ አይቆጠርም። «ከመስኮቴ የማየው ነገር ይበላሻል» የሚለውም እንዲሁ። ሽታ፣ ጫጫታ፣ የመንገድ ደኅንነት፣ የነዋሪው ምቾት ግን ይቆጠራሉ። ከሁሉ ይልቅ የሚቆጠረው ደግሞ ቁጥር ነው። የመሐንዲሱ ሙያ ከጎረቤቱ ጉዳይ ጋር የሚገናኘውም እዚህ ላይ ነው።

የእንግሊዝ የሕንጻ ደንብ መመሪያ ስለ ደረቅ ቆሻሻ በሚናገረው ክፍል፣ ቆሻሻ በሳምንት አንድ ጊዜ በሚነሣበት ሥፍራ ለአንድ ቤት 0.25 ሜትር ኩብ ይዘት እንዲታሰብ ይላል። ነዋሪው ቆሻሻውን ተሸክሞ የሚሄደው ከ30 ሜትር መብለጥ የለበትም፤ መያዣውም መኪናው ከሚቆምበት የማንሻ ቦታ በ25 ሜትር ውስጥ መሆን አለበት። የመንገዱ ቁልቁለት ከ1 ለ12 አይበልጥም። በአዲስ ሕንጻ በርሜል በቤት ውስጥ አልፎ እንዲወጣ አይፈቀድም። በመያዣዎቹ መካከልና ዙሪያ 150 ሚሊ ሜትር ክፍት ቦታ ይተዋል። የጋራው ክፍል ቁመት ቢያንስ 2 ሜትር ሆኖ ከላይና ከታች አየር ማስገቢያ ይኖረዋል፤ ወለሉ የማያሰርግ፣ በውኃ የሚታጠብና ፍሳሹ ወደ ቆሻሻ ውኃ መስመር የሚገባ መሆን አለበት። ከ30 ሜትሩ ውስጥ የደረጃው ቁመት አይቆጠርም፤ በአራተኛ ፎቅ የሚኖር አረጋዊ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል መገመት አያስቸግርም። የእንግሊዝ ደረጃዎች ድርጅት በ2005 ያወጣው ሰነድ ደግሞ ከባዱን ባለ አራት ጎማ መያዣ የሚጎትተውን ሠራተኛ አስቦ ርቀቱን ወደ 10 ሜትር ዝቅ ያደርገዋል። ሁለት ሰነዶች አንድ ስላልሆኑም ሕንጻ ሠሪው የመጀመሪያውን፣ ተቃዋሚው የኋለኛውን ይዞ ይቀርባል።

ለምሳሌ ያህል 24 ቤቶች ያሉት አንድ ሕንጻ ይታሰብ። በመመሪያው መሠረት የሚያስፈልገው ይዘት 24 ጊዜ 0.25፣ ማለትም 6 ሜትር ኩብ ወይም 6,000 ሊትር ነው። የተለመደው ትልቅ መያዣ 1,100 ሊትር ስለሚይዝ ስድስት መያዣ ያስፈልጋል። የአንዱ ወርድ ወደ 1.3 ሜትር፣ ጥልቀቱ ወደ 1 ሜትር ነው። በሁለት ረድፍ ሦስት ሦስቱ ቢቆሙ፣ በመካከላቸውና ዙሪያቸው 150 ሚሊ ሜትሩ ቢተው፣ መያዣው የሚጎተትበት 1.5 ሜትር መተላለፊያ ቢጨመር፣ ክፍሉ 4.5 በ3.8 ሜትር፣ ማለትም ወደ 17 ካሬ ሜትር ይሆናል። በንድፉ ላይ የተሳለችው አራት ማዕዘን ግን 3 በ3 ብትሆን፣ ስምንት ካሬ ሜትር ያህል ቆሻሻ በመንገድ ላይ ሊያድር ነው ማለት ነው። «ይሸታል» ብሎ ከሚጽፍ አሥር ጎረቤት ይልቅ ይህን ማባዛት አባዝቶ የሚጽፍ አንድ ጎረቤት የፕላን ሹሙን እስክርቢቶ ያስነሣዋል። (0.25 የሚለው ቁጥር የእንግሊዝን ቆሻሻና የእንግሊዝን ሳምንታዊ መኪና አስቦ የወጣ ነው። አብዛኛው የሚበሰብስና እርጥብ ለሆነው ለአዲስ አበባ ቆሻሻ እንዳለ መገልበጥ አይገባም።)

ይህም ሆኖ ጎረቤቱ ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው በቁጥር ሳይሆን በጊዜ ነው። የፕላን ባለሥልጣን ፈቃድ ሲሰጥ «የቆሻሻ ማጠራቀሚያው ዝርዝር ሕንጻው መኖሪያ ከመሆኑ በፊት ቀርቦ ይጽደቅ» የሚል ቅድመ ሁኔታ መጨመር የተለመደ አሠራር ነው። አሠራሩ በሕግ የተፈቀደ ነው፤ ለበር መቀርቀሪያ ዓይነትና ለቀለም ዓይነት ቢሆን የሚነቀፍ አይሆንም። የበርሜል ሥፍራ ግን ቀለም አይደለም። ሕንጻው በመሬቱ ላይ ከተተከለ በኋላ የሚጎድለው ስምንት ካሬ ሜትር ከየትም አይመጣም፤ ከመግቢያው፣ ከመኪና ማቆሚያው ወይም ከጎረቤቱ አጥር ሥር ካልሆነ በቀር። በዚያን ጊዜ ደግሞ ዝርዝሩ የሚጸድቀው በባለሥልጣኑና በሕንጻ ሠሪው መካከል ስለሆነ ጎረቤቱ ሁለተኛ ደብዳቤ ላይደርሰው ይችላል። በ2014 የወጣው የእንግሊዝ ብሔራዊ የቆሻሻ ፕላን ፖሊሲ ማንኛውም አዲስ ግንባታ በቂና ከዓይን የተሰወረ የበርሜል ቦታ እንዲኖረው ባለሥልጣኖች እንዲያረጋግጡ ያዛል። «እናረጋግጣለን» ማለትና «ኋላ እናያለን» ማለት ግን አንድ አይደሉም። ጉዳዩን ንድፉ በጠረጴዛ ላይ ሳለ መጨረስ የሚያስወጣው አንድ ቀን ሥራ ብቻ ነው።

ፈቃዱ አንዴ ከተሰጠ የእንግሊዝ ጎረቤት በጉዳዩ ይዘት ይግባኝ የለውም። ይግባኝ የሚለው አመልካቹ ብቻ ነው። ጎረቤቱ የሚቀረው መንገድ ውሳኔው በሕግ መሠረት መሰጠቱን ከፍተኛው ፍርድ ቤት እንዲመረምርለት መጠየቅ ሲሆን፣ ለዚህም የተወሰነው ጊዜ 6 ሳምንት፣ ወጪውም ከበርሜሉ ዋጋ ጋር የማይወዳደር ነው። ከባሕሩ ማዶ አየርላንድ ግን በ1963 ባወጣችው የፕላን ሕግ ሌላ መንገድ መርጣለች፤ በዚያ አገር ሦስተኛ ወገንም በፈቃድ ላይ ይግባኝ ማለት ይችላል። የእንግሊዝ ሕንጻ ሠሪዎች ይህን ሥራ ያጓትታል ይላሉ፤ እውነትም ያጓትታል። ነገር ግን ባለፈ ውሳኔ ሠላሳ ዓመት የሚኖርበት ሰው አንድ ጊዜ እንዲሰማ የሚጠፋው ጥቂት ወር ብዙ አይመስልም።

አሁን ደግሞ ነገሩ እንደገና ተነሥቷል። በ2021 የወጣው የአካባቢ ሕግ የእንግሊዝ ባለሥልጣናት የምግብ ትራፊን ከሌላው ቆሻሻ ለይተው እንዲሰበስቡ የሚያዝ ሲሆን፣ ወረቀቱና ካርቶኑ፣ ብርጭቆውና ብረቱም እንዲለዩ ይጠይቃል። ፑቤል በሦስት ሣጥን አስቦት የከሸፈው ሐሳብ በአራትና በአምስት መያዣ ተመልሶ መጥቷል። ለሁለት ዓይነት መያዣ የተለኩት የቀድሞ ክፍሎች ለአራት ዓይነት ስለማይበቁ፣ ባለቤቶች በግቢያቸው ፊት አዲስ የበርሜል መጠለያ ለመሥራት መጠየቅ ይኖርባቸዋል። ለአፓርታማ ሕንጻ ይህ መጠለያ ራሱ የፕላን ፈቃድ የሚያስፈልገው ግንባታ ነው፤ አቤቱታውም ሲቀርብ ማስታወቂያው ይለጠፋል፣ ደብዳቤው ለጎረቤት ይላካል፣ 21ዱም ቀን መቆጠር ይጀምራል።